ለአራት የተከፈለው ጎጆ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት አኩርፋ መጣች። ሒሳብ ትወዳለች፤ ሥዕልም ትወዳለች። «አክስቴ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ አንዱን ምረጪ አሉኝ» አለችኝ። አሳ በዳታ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማጥቀሻ፣ እየበላሁ ነበር፤ ሳህኑን ገፋሁት። ይህን ያህል ዘመን አልፎም የተማሪነቴ ንዴት አልወጣልኝም።

አሥረኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ላሚሶ የሚባል ልጅ ነበር። ቤታቸው ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ቡሹሎ ስለሆነ በብስክሌት ይመላለሳል። ያኔ ሀዋሳ የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ባጃጅ የሚባል ነገር አናውቅም። ዝናብ ሲጥል ባደረ ጠዋት ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይገባና ከሁላችንም ቀድሞ እጁን ያወጣል። አባቱ ግን «የሚበቃህን ተምረሃል፤ ና ከእኔ ጋር እረስ» ብለውታል። ለምኖ ለምኖ፣ ተማሪዎች የሠሩትን በሚያሳዩበት የወላጆች ቀን መጥተው ሥራውን አይተው እንዲወስኑ እሺ አሰኛቸው።

የሠራው ነገር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ከሐይቁ ዳር የወደቀ የወፍ ጎጆ አነሣ፤ ከቤት የእናቱን ሰፌድ አመጣ። ሁለቱን እያገላበጠ፣ «አየሽ፣ አንዱ ሌላውን ይዞ ነው የቆመው። ግጥምም እንዲሁ ነው፤ አንድ ስንኝ ብታወጪ የቀረው ይወድቃል» ይለኝ ነበር። ቀርከሃ ቆርጠን፣ ያለ ምሰሶና ያለ ሚስማር፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚቆም ጎጆ አብረን ሠራን። ሐሳቡ ግን የእሱ ነው። የወፉን ጎጆና ሰፌዱን ከውስጥ ሰቀልን፤ እሱ የጻፈውን ግጥም በመካከላቸው። ገብቶ ቀና ብሎ ላየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

በቀኑ ጠዋት ዳይሬክተሩ መጡና ዙሪያውን ቃኙት።

«ይኼ የየትኛው ትምህርት ነው?»

«የሁሉም ነው፣ ጋሼ» አለ ላሚሶ።

«ሁሉም የሚባል ክፍል የለንም። በየቦታው ይሂድ!»

የባዮሎጂው መምህር የወፉን ጎጆ ይዘው ሄዱ። የእጅ ሥራ መምህርቷ ሰፌዱን ወሰዱ። የአማርኛው መምህር ግጥሙን ፈትተው ወሰዱ፤ ልብ በሉልኝ፣ እኚህ ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያብራሩልን ነበር የሰነበቱት! የእንጨት ሥራው መምህር ደግሞ ጎጆው በክፍላቸው በር አልገባ ቢላቸው አንድ ቀርከሃ መዘዙ። ሁሉም ተንኮታኮተ።

«ጥንካሬ የለውም» አሉ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

«እርስዎ ነዎት ያፈረሱት!» ብዬ ጮኽኩ። ለድፍረቴ ጠጠር ላይ ተንበርከኪ ተባልኩ።

እንደተንበረከክሁ የላሚሶን አባት አየኋቸው። ጃንጥላ በአንድ እጃቸው፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በሌላው ይዘው፣ ልጃቸውን ተከትለው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። መጨረሻ ላይ የቀርከሃው ክምር ጋ ደርሰው ቆሙ። በሲዳምኛ ያሉትን ላሚሶ ኋላ ነገረኝ፤ «የወፍ ጎጆ እኛም ዘንድ አለ። ሰፌዱ የእናትህ ነው። ወረቀቱን ማንበብ አልችልም። ይኼ ማገዶ ነው። ልጄ፣ ያንተ የቱ ነው?»

ላሚሶ ጎንበስ ብሎ አንድ ቀርከሃ አነሣ። ቆጮውን ሰጥተውት ወጡ። ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም።

አሁንም ቡሹሎ ነው፤ አርሶ ልጆች አሳድጓል፤ ማንንም አይወቅስም። እኔ ግን እወቅሳለሁ! አንድ ልጅ ዓለምን አንድ አድርጎ ቢያይ፣ ትልልቅ ሰዎች በየጠረጴዛቸው ተቀራመቱት። ነገ ከእህቴ ልጅ ጋር ትምህርት ቤቷ እሄዳለሁ፤ ምን እንደምላቸው ገና አላውቅም፣ ዝም ግን አልልም።

አባቱን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜአቸው ኖርኩ። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የላሚሶ ሥራ የነገሮቹ መያያዝ ነበር፤ እሱን ደግሞ አባቱ ከመድረሳቸው በፊት መምህራኑ በትነውታል።