ከጾም ጋር የገቡ ቀይ ነጥቦች

"ማነው የሚያፏጨው?" ብዬ ተቆጣሁ።

ከሞላሌ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ያን ቀን ለተማሪዎቼ አንድ ረዘም ያለ ዜማ እየሳብኩ ሳለ ከመሃል ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። አቋርጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። ደግሜ ጀመርኩ፤ ፉጨቱም ደግሞ ጀመረ። በመጨረሻ አንዱ ጎልማሳ ተማሪ ደፈር አለና፣ "የኔታ፣ ከእርስዎ ደረት ነው" አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ ባደርግ እውነትም ውስጤ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። የሕመሜ መጀመሪያ ይኸው ነው። የምጽፈውም እንደ እኔ ትንፋሽ ላጠራቸው ሰዎች ነው።

መንዝ ውስጥ ደረቱን ያመመው ሰው መልስ አያጣም፤ ብርድ ነው ይባላል። እኔም ብርድ ነው አልኩ። ባለቤቴ አስካለ ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ፣ በርኖሴን አስደረበችኝ፣ በሩን ዘግታ እሳት ዳር አስቀመጠችኝ። በእኛ አገር እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚነደው ኩበት ነው። ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ሳሌ ይብሳል፤ ሳሌ ሲብስ አስካለ ኩበት ትጨምራለች። በፍቅር ልትጨርሰኝ ነበር። ዛሬ ይህን ሳነሳባት፣ "አንቱ ሰው፣ ያኔ እሰይ ሞቀኝ ሲሉ አልነበር?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ብዬ ነበር።

የወደቅሁት በጥምቀት ሰሞን ነው። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆምኩ። አየር አልገባ አለኝ። መናገር አቃተኝ። ከንፈሬ ጠቆረ አሉ። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱኝ። መኪና ተገኘ። የቀረውን አላስታውስም።

ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፤ ፊቴ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። ዶክተሯ ልጄን የምታክል ሴት ናት። ደረቴን አዳምጣ ስታበቃ፣ "መሪጌታ፣ ሕመምዎ አስም ነው። ከሥሩ ነቅለን አናጠፋውም። መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰዱ ግን ይገዛልዎታል" አለችኝ።

በአፍ የሚሳቡ ሁለት ኢንሄለሮች አዘዘችልኝ። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወዲያው የሚያስተነፍስ። ቡናማው ቤክሎሜታሶን የሚባለው መከላከያ ነው፤ ቢሻልም ባይሻልም ጠዋትና ማታ ይወሰዳል። "ቡናማውን በሳቡ ቁጥር አፍዎን በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለዚያ ፈንገስ አፍዎን ያቆስለዋል" ብላ አስጠነቀቀችኝ። እሺ አልኩ። ይህችን የውሃ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ልጄ ትዕግሥት ሞላሌ አስተማሪ ናት። ከሆስፒታል ስወጣ ስልኬን ተቀበለችኝና የአስም መከታተያ መተግበሪያ ጫነችበት። "አባዬ፣ ጠዋትና ማታ የሚጠይቅዎትን ብቻ ይመልሱለት" አለች። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ናቸው። ሳል ነበር? ደረትዎ አፏጭቷል? እንቅልፍ ነስቶዎታል? መከላከያውን ወስደዋል? ከዚያም ፒክ ፍሎው ሜትር በምትባል ትንሽ ቱቦ በኃይል ተንፍሼ የምታሳየውን ቁጥር እሞላለሁ። መልካም የዋልኩበት ቀን አረንጓዴ ነጥብ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ክፉው ቀይ ይወጣለታል። ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ደግነቱ ይህ ነው፤ በእኛ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው።

መጀመሪያ ንቄው ነበር። ዕድሜ ልኬን በቃል የተማርኩ ሰው ስለ ገዛ ደረቴ ለስልክ መልስ መስጠት አሳፈረኝ። አስካለም፣ "ለንስሐ አባትዎ ያልነገሩትን ለስልኩ ይናዘዙለታል" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ነገር ግን ነጥቦቹ በረድፍ አረንጓዴ ሲሆኑ ሳይ ወደድኩት። ጾም እስኪገባ ድረስ ደህና ነበርኩ፤ ድምፄም ተመልሶልኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። በቤታችን ልማድ ጾም እስኪፈታ ድረስ ውሃ አፍ አይገባም፤ መጉመጥመጥም ቢሆን አይታሰብም። ቡናማው መድኃኒት ደግሞ ያለ መጉመጥመጥ አይወሰድ። ስለዚህ የጠዋቱን ተውኩት። ማታ ማታ እወስዳለሁ ብዬ ነበር፤ የጠዋቱ ሲቀር ግን የማታውም ልማድ ጠፋ፤ ደክሞኝ ከቤተ ክርስቲያን እገባና እረሳዋለሁ። የደበቅሁት ነገር አልነበረም። እህል እንደማልቀምስ ሁሉ መድኃኒቱንም አለመውሰዴ የጾሙ ሥርዓት መስሎኝ ነበር። ስልኩ "መከላከያውን ወስደዋል?" ሲለኝ "አልወሰድኩም" እላለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ለስልክም አይዋሽም። ስልኩም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ነጥቦቹ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ቀይ ሆኑ። ሰማያዊውን አሥር ጊዜ እስባለሁ፤ ያስተነፍሰኝና መልሶ ይተወኛል። አንድ ሐረግ ዜማ አልጨርስም። ተማሪዎቼ ቀጣዩን ሲጠብቁ እኔ መቋሚያዬን ተደግፌ አየር እፈልጋለሁ።

ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም። ዜማ ለእኔ እንጀራዬም ጸሎቴም ነው። ዜማ የማይስብ የዜማ መምህር ደግሞ ቦታ ይዞ መቀመጥ የለበትም። ለደብሩ አስተዳዳሪ፣ "ከትንሣኤ በኋላ ያሰናብቱኝ፣ ሰው ይፈልጉ" አልኳቸው። ቤት ገብቼ ለአስካለ ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

የሆስፒታል ቀጠሮዬ የሆሣዕና ሰሞን ነበር። ትዕግሥት አብራኝ ሄደች። ለዶክተሯ መድኃኒቱ እንዳልሠራ፣ ብርዱ እንዳሸነፈኝ ነገርኳት። እሷ ግን ስልኩን አምጡ አለች። ነጥቦቹን ወደ ኋላ እየገፋች አየች። አረንጓዴው ወደ ቢጫ የሚዞርበት ቦታ ላይ ጣቷን አኖረች።

"እዚህ ቀን ላይ ምን ተፈጠረ?"

ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ቀን የማውቀው በበዓልና በጾም ነው። ትዕግሥት ቀኑን ወደ እኛው መለሰችልኝ፤ እኔም ሰንበቶቹን ቆጠርኩ።

"ዘወረደ ነው፤ የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት።"

"ያን ጊዜ ምን ለወጡ?"

"ምንም። ጾምኩ።"

"መድኃኒቱንም ጾሙት?"

"የጾምኩትስ ውሃውን ነው፤ ያለ መጉመጥመጥ አይወሰድምና መድኃኒቱም አብሮት ቀረ" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴም የገባኝ።

አልተቆጣችኝም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ "ስለ ጾሙ እኔ አልወስንም፤ እሱን የንስሐ አባትዎ ያውቃሉ። ስለ ሳንባዎ ግን ልንገርዎ። ሰማያዊው የተነሣውን እሳት ያጠፋል፤ ቡናማው እሳቱ እንዳይነሣ ይጠብቃል። እርስዎ ጠባቂውን አሰናብተዋል። ብርዱም ጭሱም ይነካካዎታል፤ የጣለዎት ግን ይኼ ነው።" ቀጥላም፣ "ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ጾም እየመጣ መሆኑን እያወቅሁ አልጠየቅሁዎትም" አለች። በሕይወቴ ብዙ ሊቃውንት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቃል ግን ከጥቂቶቹ ብቻ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አባ ወልደ ሐና ዓይናቸው የደከመ፣ ለጾም ጥብቅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ፈራሁ። ብከለከልስ ምን ልሆን ነው እያልኩ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ "ውሃውን ትውጠዋለህ?" አሉኝ።

"የለም አባ፣ እተፋዋለሁ።"

"እንግዲያስ ተጉመጥመጥና ትፋ። በሽተኛን መድኃኒት ውሰድ እንጂ ተው ያለው ማነው? ስለ ውሃው ከተጠየቅን እኔ እጠየቃለሁ፤ አንተ ዝም በል። ድምፅህን ግን እኔ መልሼ ልሰጥህ አልችልም ልጄ።"

ጉልበታቸውን ሳምኩ። እንባዬ ጋቢያቸው ላይ ሲወርድ አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ቀስ ብሎ የመጣ መልካም ነገር ነው። ቀዩ ወደ ቢጫ፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ለመመለስ ሳምንታት ፈጀበት፤ እኔም በየጠዋቱ ቡናማውን ስቤ፣ ተጉመጥምጬ ስተፋ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት እየቀለለ ሄደ። ስልኩ ስለ ጭስም ይጠይቅ ስለነበር ኩበት በቤት ውስጥ በነደደ ማግስት ቁጥሬ እንደሚወርድ አየን፤ በአገሩ ሰው ተከልሎ የሚጠበቀው የጓሳ ምድር ለሣር አጨዳ ሲከፈት ተማሪዎቼ ሣር ተሸክመው መጡና ለአስካለ ማድ ቤት ለብቻው ሠርተው ከደኑላት። ስለ ስንብቴም አስተዳዳሪውን ልጠይቃቸው ብሄድ፣ "የቱ ስንብት? እኔ አልሰማሁም" ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ዶክተሯን፣ አባን፣ ልጄንና ባለቤቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያን መተግበሪያ የሠሩትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ እነሱንም ይባርካቸው።

አንተ ወይም አንቺ በዚሁ ሕመም ውስጥ ያላችሁ፣ ስልክ አያድንም፤ የሚያድነው ፈጣሪ ነው፣ የሚረዳው መድኃኒቱ ነው። ስልኩ እኛ የማናስታውሰውን ያስታውሳል። ስለዚህ እውነቱን ንገሩት፤ ቀይ ለማሳየት አትፈሩ። ሐኪም ቤት ስትሄዱም ስትጾሙ፣ ስትቆርቡ፣ ጠበል ስትገቡ መድኃኒታችሁን ምን እንደምታደርጉት ሳትጠየቁ ተናገሩ። ለንስሐ አባታችሁም ሳትነግሩ በራሳችሁ አትፍረዱ። ሰማያዊው አስተነፈሰኝ ብላችሁም ቡናማውን አትናቁት። እኔ የተማርኩት ይህን ነው።

ፍልሰታ ገባ። ክረምቱ በርትቷል፤ ጉሙ ከደጅ አልነሣ ብሏል። ጾምም ብርድም አንድ ላይ መጡብኝ። ጠዋት መድኃኒቴን ወስጄ፣ ተጉመጥምጬ ተፍቼ ከተማሪዎቼ ፊት ተቀመጥኩ። ያንኑ የመጀመሪያውን ረጅም ዜማ መሳብ ጀመርኩ። ከመሃል ላይ ፉጨት ሰማሁ።

እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ጸጥ ብሏል።

"ማነው የሚያፏጨው?" አልኩ።

ያ ጎልማሳ ተማሪ አንገቱን ደፋ። "የኔታ፣ እኔ ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ነው።"

"ተመስገን" አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እኔም ዜማውን ካቆምኩበት አንሥቼ እስከ መጨረሻው አደረስኩት።