ለሌባ የጻፍኩት ሰላምታ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። እናቴ የቀወትን ማሾ፣ ያቺን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ትከታለች፤ ባለቤቴ ዘይነባ ተከትላ ታወጣለች። «ጀርመን ማሾ የለም ያለዎት ማነው?» ብትላት፣ «ቢኖርስ የኛን ያህል ሊጥም ነው?» አለቻት። እኔ በመካከላቸው ቆሜ እየሳቅሁ አለቀስኩ። የምሄደው አረጋውያንን መንከባከብ ልማር ነው። ዘይነባን ቶሎ እንደማስመጣት ቃል ገብቼላት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ቶሎ የሚባለውን ቃል የዚህ አገር ቢሮዎች አያውቁትም። ለሁሉም ነገር ቴርሚን ይሉሃል፣ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። ብርዱስ! የሮቢትን ሙቀት ስረግም የኖርኩት ሰውዬ፣ ዛሬ በኪሎ ቢሸጥ እገዛዋለሁ። ከብርዱ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን የሰላምታ ነገር ነው። በገባሁ ማግስት የአከራዬን በር ደውዬ፣ «እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ጤናዎስ?» ስለው አፈጠጠብኝ።

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም።»

«ቧንቧው ያፈሳል?»

«ኧረ ምንም! ሰላም ልልዎት ነው።»

«ታዲያ ለምን ደወልክ?» ብሎ በሩን ዘጋው።

እኔ ግን አልታረምኩም። እንደኔ ይፋት ያደገ ሰው ሰላም ተብሎ ዝም አይልም፤ መመለስ ግዴታው ነው።

የዘይነባ የቪዛ ማመልከቻ ገጽ የሚከፈተውም፣ መልሱ የሚመጣውም በኢሜይሌ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ልምምድ ስመለስ እንዲህ የሚል መልእክት ገባ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የኢሜይል አካውንትዎ ሊዘጋ ነው። ዛሬውኑ ሊንኩን ተጭነው ፓስዎርድዎን ያረጋግጡ። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ ቶማስ፣ ከደኅንነት ክፍል።» ኢሜይሉ ከተዘጋ ዘይነባ ቀረች ማለት ነው። ሊንኩን ተጫንኩ፤ ፓስዎርድ የሚጻፍበት ሳጥን ተከፈተ። ልጽፍ ስል ግን አፈርኩ። ሰውዬው በስሙ ሰላም ብሎኝ እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ? ተመልሼ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ጻፍኩለት።

«ውድ ቶማስ፣ እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ሰላም ነው? ስላሰቡልኝ አላህ ይስጥልኝ። ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነውና አደራዎን አይዝጉብኝ። ለመሆኑ ቢሮዎ የት ነው?»

መልሱ ወዲያው መጣ። ያው የቅድሙ ደብዳቤ ነው፤ ቃል አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ስለ ዘይነባ እንኳ አንዲት ነገር የለም።

በኛ አገር ማጀቴ ገበያ ፍየል የሚሸጥ ሰው «ከየት መጣህ?» ሲሉት ካልመለሰና «ቶሎ ግዛ፣ ልሄድ ነው» ካለ፣ ፍየሏ የሰው ናት። ይሄ ትዝ ሲለኝ የላኪውን አድራሻ ገልጬ አየሁ። ከፊት የኩባንያው ስም አምሮ ተጽፏል፤ ከ«አት» (@) ምልክቱ በኋላ ያለው ግን ከኩባንያው ጋር የማይገናኝ የፊደል ዝብርቅርቅ ነው። እዚሁ ከተማ ለሚኖረው ለማጀቴው ልጅ ለሰይድ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ወላሂ፣ የሌባ ቤተሰብ ደኅንነት ጠየቅክ?» ብሎ ሳቁን ማቆም አቃተው። «ፓስዎርድህን ጻፍክ?»

«አልጻፍኩም።»

«አልሐምዱሊላህ በል! ከንግዲህ አትመልስለት፣ ሊንኩንም አትንካ። የሚያስፈራራና የሚያጣድፍ መልእክት ሲመጣብህ፣ የድርጅቱን የድረ ገጽ አድራሻ ራስህ ጽፈህ ግባና እይ።»

ራሴ ጽፌ ገባሁ። አካውንቴ ምንም አልሆነም! ፓስዎርዴን ቀየርኩ፤ ወደ አካውንቱ ሲገባም በስልኬ ሁለተኛ ኮድ እንዲጠይቅ አደረግኩ። የዚያን ቀን የበላሁት ደረቅ ሩዝ እንደ ድግስ ጣፈጠኝ። እናንተም በየአገሩ ወረቀት የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ሌቦች ጭንቀታችሁን አይተው ነውና የሚመጡት፣ እባካችሁ አትቸኩሉ።

ከሳምንታት በኋላ «የቪዛው ጉዳይ ውሳኔ አግኝቷል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ፣ እሱንም ሌባ ነው ብዬ አልነካሁትም። በራሴ መንገድ ወደ ማመልከቻው ገጽ ገባሁ። ተፈቅዷል ይላል። ደጋግሜ አነበብኩና ሱጁድ ወረድኩ፤ ከዚያ ወደ ቤት ደወልኩ።

ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

«እማ፣ ሰማሽ? ዘይነባ ልትመጣልኝ ነው።»

«ሰማሁ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፤ አላህ በሰላም ያገናኛችሁ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለሷስ ወረቀቱ ተገኘ። አንተን ለኔ የሚያመጣው ወረቀት የት ነው የሚወጣው?» አለችኝ።