ለመኪና የሚያደገድጉት ገመድ ሻጭ

ወረታ ገበያ ዳር፣ ጣሊያን በሠራው መንገድ ጠርዝ ላይ የከብት ገመድ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቃጫውን ጭናቸው ላይ ሲገምዱ ገዢ እንኳ ቢመጣ ቶሎ ቀና አይሉም። ከሐሙሲት በኩል የመኪና ድምፅ ሲሰማ ግን የያዙትን ጥለው ይነሣሉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ መኪናው እስኪያልፍ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ጨው የጫነ መኪና ነው። ካለፈ በኋላ ያፍራሉ መሰል፣ አቧራ ለማራገፍ እንደ ተነሣ ሰው ጋቢያቸውን ያራግፋሉ።

«አባቴ፣ ጣሊያን ከሄደ እኮ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው!» እያልን እንስቅባቸዋለን። እሳቸው ቃጫቸውን መግመድ ይቀጥላሉ።

ባለፈው ገበያ አንዲት መኪና ቆመችና አንድ ፈረንጅ መንገድ ሊጠይቅ ወረደ። ገበያተኛው ሁሉ ብድግ አለ። እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ። ማንም አላዘዘንም። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው አደግድገው ቆመው ነበር፤ ዞር ብለው እኛን ሲያዩ ግን ጋቢያቸውን መልሰው ደረቡና ቁጭ አሉ።

«እኔስ ተገርፌ ነው የለመድሁት» አሉ፣ ገመዳቸውን እያነሡ። «እናንተን ማን ገረፋችሁ?»