ቁጥራቸው የተሰረዘ ሁለት ቲዩቦች

ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት ተማሪ የሥራ ትዝታ ብትጽፍ ማን ያነብላታል? እኔም እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተም። ከእኔ በኋላ ላብራቶሪ ለሚገቡ ግን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

የማስተርስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ግቢ ያለ የጥናት ላብራቶሪ የገባሁት ሰኞ ቀን ነው። ኃላፊያችን አቶ ማቴዎስ ጋውን ሰጡኝና ሥራውን አስረዱኝ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ ሰዎች መካከል፣ የጉበት ቫይረስ ሲይዛቸው የአንዳንዶቹ ሰውነት ያጠፋዋል፤ በሌሎቹ ላይ ግን ይቆያል። የምናጠናው ከወላጅ የሚወረስ የዘረመል ልዩነት በዚህ ላይ ድርሻ ይኖረው እንደሆነ ነው።

"አንቺ ደም ትቀጃለሽ፣ ሴረሙን፣ ጠራ ያለውን የደም ፈሳሽ፣ ትለያለሽ፣ ቁጥር ትጽፊያለሽ" አሉኝ። "ስም አንጽፍም። ለእኛ ሰውየው ማለት ቁጥሩ ነው።"

በዚያው ሳምንት ከቱላ የመጡ አንዲት እናት ደም ሰጡ፤ ቁጥራቸው አርባ አንድ።

"በዘር ነው የምትሉት?" አሉኝ ክንዳቸውን እንደዘረጉ። "ታዲያ ልጄንም ይይዛታል ማለት ነው?"

"ገና እያጠናነው ነው፣ እትዬ። መጀመሪያ የእርስዎን ውጤት እንይ።"

"እሱን ቶሎ ንገሪኝ እንግዲህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።"

አርባ ሁለት ከታቦር የመጣ የባጃጅ ሾፌር ነበር።

የሁለቱን ሴረም ለይቼ ወደ ትንንሽ ቲዩቦች ቀዳሁ። አቶ ማቴዎስ ንጽሕና ይወዳሉ። ደስ ይበላቸው ብዬ ቲዩቦቹን በአልኮል ወለወልኳቸው። በማርከር የጻፍኩት ቁጥር ከጥጡ ጋር ወጣ።

ሴትየዋ ገና አልሄዱም ነበር። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በመስኮት ይታዩኛል። ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ግን በመጀመሪያው ሳምንቴ መወቀስ ፈራሁ። "በግራ ያለው አርባ አንድ ነበር" አልኩና ቁጥሮቹን በግምት መልሼ ጻፍኩ።

በማግስቱ "አርባ ሁለት" ያልኩት ላይ የጉበት ቫይረስ ተገኘ። ለአቶ ማቴዎስ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እርግጠኛ ነሽ ወይስ አይደለሽም?"

"በግራ ያለው ይመስለኛል..."

"ይመስለኛል የሚባል ውጤት የለንም። ሁለቱም ይጠሩ።"

ሾፌሩ በዚያው ቀን መጣ። "የትናንቱን ጠጣችሁት እንዴ?" አለኝ እየሳቀ። ውጤቱ ነጻ ሆነ። ያን ጊዜ ቫይረሱ የማን እንደሆነ ገባኝ።

ለሴትየዋ ልደውል ስል የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። "የሰጡን የባላቸውን እህት ስልክ ነው። ኤች አይ ቪ እንዳለባቸው ቤታቸው ውስጥ ማንም አያውቅም። ለመድኃኒት ሲመጡ ትነግሪያቸዋለሽ።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"ከሦስት ወር በኋላ።"

ሦስት ወር ሙሉ ያላየኋትን ልጅ ሳስብ ከረምኩ። ክትባት ወስዳ ይሆን? ከእናቷ ጋር በአንድ ምላጭ ይጠቀሙ ይሆን?

በቀጠሯቸው ቀን ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲመጡ ያደረግኩትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

"እኔ እኮ ያን ቀን እስከ ሰባት ሰዓት እዚሁ ነበርኩ" አሉ።

"አይቼዎት ነበር።"

"አይተሽኝ ነው?"

ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ዳግመኛ ቀዳሁ። ቫይረሱ የእሳቸው ነበር።

በሳምንቱ ልጃቸውን ይዘው መጡ። እሷ ነጻ ሆነች፤ ክትባትም ጀመረች።

ስሕተት የሚነገረው ባለጉዳዩ ከግቢ ሳይወጣ ነው። እኔ አንድ ቀን ዘገየሁ፤ እሳቸው ሦስት ወር ሳያውቁ ቆዩ።

ልጅቷ የመጨረሻውን ክትባት የወሰደችው ሐምሌ 24 ቀን ነው።