አምባዛ ቤቱ እሁድ የተከፈተ ዕለት

ቨርሊን ስቶልወርዝ እሁድ አምባዛ ዓሣ አትጠብስም። አላባማ ውስጥ፣ ያውም በገጠሩ በኩል፣ ምግብ ቤት ከፍቶ እሁድን መዝጋት ማለት እንግዲህ የገዛ ኪስን መቅደድ ነው። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንጀቱ ታጥፎ ነው የሚወጣው። ከነክራቫቱ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ የሚበላበት ይፈልጋል። ቨርሊን ግን ከባሏ ጋር ቤቱን የከፈቱ ጊዜ «እኛ ስንዘምር ሌላው ሰው ማጀት ገብቶ ምግባችንን ሲያበስል አይውልም» ብላ ቆረጠች። ባሏ ከሞተ በኋላም በዚሁ ጸናች።

ለብዙ ዓመት፣ ተመስገን ነው፣ ቤቱ ደህና ሠራ። ኋላ ግን አውራ ጎዳናው ዳር ሳምንቱን ሙሉ የማይዘጋ ትልቅ ምግብ ቤት መጣና ደንበኛው ወደዚያ ነጎደ። ሂሳቧን የሚሠራላት የእህቷ ልጅ ሮይስ አንድ ቀን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አክስቴ፣ እንዲህ ከቀጠልሽ ገናን አትደርሺም። ትዘጊዋለሽ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። መብራት ኃይሎቹ ግን አያውቁልሽም!»

የሚያናድደው ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ነገር ነው። ፓስተር ሆልኮም ራሳቸው በር ላይ እጇን ጨብጠው፣ «እህት ቨርሊን፣ እኔ እዚህ ስሰብክ የሰዉ ልብ ያለው ያንቺ አምባዛ ላይ ነው። ምናለ እሁድ ብትከፍቺልን?» አሏት። ሰንበትን አክብሩ ብለው ከመድረኩ መውረዳቸው እኮ ነው! ጉድ አይደለም?

ቨርሊን ፈራች። ቤቱ ቢዘጋ ሜዳ ላይ የምትቀረው እሷ ብቻ አይደለችም። አስተናጋጇ ዲክሲ አለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጥ ቤቷ ኧርማ ጂን አለች። የምግብ ቤት ሠራተኛ ዛሬ ገብቶ ነገ በሚወጣበት አገር፣ ኧርማ ጂን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከዚያ ምድጃ ንቅንቅ አላለችም። የተሻለ ደሞዝ ሰጥተው ሊወስዷት ሲመጡ፣ «እሁዴንስ ማን ይሰጠኛል?» ትላቸዋለች። ወንዝ ማዶ ባለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑ መሪ እሷ ናት።

«ኧርማ ጂን፣ እሁድ ልንከፍት ነው» አለቻት ቨርሊን፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ኧርማ ጂን ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ቤቱ እንዲተርፍ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ፣ ሚስ ቨርሊን።»

እሁድ ቤቱ ጢም አለ። ሰልፉ በሩን አልፎ መኪና ማቆሚያው ድረስ ደረሰ። ሮይስ ጥርሱን መክደን አቃተው። ማጀት ውስጥ ግን፣ ሌላ ቀን እየጠበሰች ሳታንጎራጉር የማትውለው ኧርማ ጂን ትንፍሽ አላለችም። አንዴ ብቻ ሰዓቱን ቀና ብላ አየችና፣ «አሁን ያለእኔ ጀምረዋል» አለች።

ይሄኔ ዲክሲ ገባች። ስምንት ሰው በልቶ ከተነሳበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሳህን ሥር የታጠፈ ሃያ ዶላር አግኝታ በደስታ ብትዘረጋው፣ ለካ የብር መልክ ተሰጥቶት የታተመ ወረቀት ነው። ውስጡ «ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ኢየሱስ ይወድሃል» ይላል። ጉርሻዋ እሱው ነው!

«ኢየሱስ እንደሚወደኝማ አውቃለሁ» አለች ዲክሲ፣ እንባዋ እየመጣ። «እነሱ ናቸው ያልወደዱኝ።»

ቨርሊን ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። የራሷ ቤተ ክርስቲያን ማኅተም አለበት። በኀፍረት ፊቷ ቀላ። ለእነዚህ ብላ ነው ኧርማ ጂንን ከመዝሙሯ ነጥላ ዘይት ላይ ያቆመቻት! ለዲክሲ ሃያ ዶላሩን ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ሰጠቻትና፣ «በቃ! የሚዘጋ ከሆነ ይዘጋ። እሁድ ሁለተኛ አይከፈትም» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ወንዙን ተሻግራ ወደ ኧርማ ጂን ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ አንድ ቀን እንኳ እግሯ ረግጦት አያውቅም፣ ይገርማል። እዚያ እንግዳ የሆነ ሰው ተነስቶ ማንነቱን ይናገራል። ቨርሊንም ተነሳች።

«ቨርሊን ስቶልወርዝ እባላለሁ። ባለፈው እሁድ ዘማሪያችሁን የወሰድኩባችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ፤ መልሼ አምጥቻታለሁ።»

ቤቱ በሳቅና በ«አሜን» ተናጋ። «ሁለተኛ እንዳትነኪያት!» አሉ ትልቅ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት። ከዚያ ኧርማ ጂን ዘመረች። ቨርሊን ያን ድምፅ ከዘይት ጫጫታ ጋር እንጂ ለብቻው ሰምታው አታውቅም ነበር። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ አላፈረችምም።

ማክሰኞ ቁጭ ብለው ዝንብ እሽ የሚሉበት ቀን ነው። በዚያ ማክሰኞ ማታ ግን የወንዝ ማዶው ቤተ ክርስቲያን አውቶቡስ አምባዛ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከመዝሙር ልምምድ የወጡ መዘምራን፣ ሽማግሌዎች፣ እናቶች ከነልጆቻቸው ተግተልትለው ገቡ። ከፊት ባለባርኔጣዋ አሮጊት ናቸው።

«እሁዳችንን መልሰሽልናል። ማክሰኞ ከእኛ ይሁንልሽ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ያለ ወረፋ መቀመጫ አይገኝም። የቨርሊን ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም፣ አፍረው ይሁን ርቧቸው እንጃ፣ ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ጀመሩ፤ ጉርሻውም እውነተኛ ብር ሆነ። እሁድ ዝግ እንደሆነ፣ ገና ደርሶ አለፈ። ሮይስ ሂሳቡን ደጋግሞ ቢደምርም የቤቱን መትረፍ ማመን አቅቶት ነበር።

ቨርሊን ግን ያን የመጀመሪያ ማክሰኞ ማታ ገና ምኑንም አታውቅም። ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ በማጀቱ በር የሞላውን ቤት እያየች እንባዋ ይወርዳል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ኧርማ ጂን። «ዓሣው እኮ እያረረብሽ ነው!»

«ተመስገን እያልኩ ነው።»

«እየገለበጥሽው በያ!»