ማንዣበብ ማለት ምን ማለት ነው?

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴን የእትዬ ባንቺን ጫጩት የበላችው የታች ቤቷ የዓለምነሽ ድመት አይደለችም።

እትዬ ባንቺ ለቅሶ ሲሄዱ ዶሯቸውን ከነጫጩቶቿ ለእኔ አደራ ሰጥተው ነበር። ደጅ ተቀምጬ ሳነብ ተከራዬ ሰላም ጋዜጣ ይዛ መጣችና "ማንዣበብ ከመብረር በምን ይለያል?" አለችኝ።

"የሚበር ነገር ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። የሚያንዣብብ ግን እዚያው አየር ላይ ይዞራል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው" አልኳት።

"እንደዚያ?" ብላ ወደ ላይ ጠቆመች።

"አዎ፣ ልክ እንደዚያ።"

ጭልፊት ነበር። ሁለታችንም አንጋጠን ስናደንቅ ወረደና አንዱን ጫጩት ይዞ ወደ ቁስቋም ዛፎች ሄደ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "አንቺ መጽሐፍ ከያዝሽ ሰው ቢጣራም አትሰሚ" ይለኝ ነበር። በታመመ ጊዜም አልሰማሁትም።

እትዬ ባንቺ ተመልሰው "ያቺ ሌባ ድመት ናት! ዛሬስ ዓለምነሽን አልለቃትም" ሲሉ ዝም አልኩ። ሰላምም ሻይዋን ጠጣች።

እናንተስ ዝም ብላችሁ ሌላ ሰው የተወቀሰበት ጊዜ አለ? ጻፉልኝ። እኔ የምጽፈውን ሁሉ የእትዬ ባንቺ ልጅ ማታ ማታ ለእናቱ ያነብላቸዋል። ይህንንም ያነብላቸዋል።