የኬሻ ሰፊዋ ስልክ ቁጥር

ጭድ ተራ ውስጥ አድራሻውን በቤት ቁጥር የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። «ከሚዛኑ ዝቅ ብለህ፣ ሰማያዊ ሸራ ጋ ስትደርስ ጠይቅ፤ ያሳዩሃል» ነው የሚሉህ። ያሳዩሃልም። እኔ የምመዘግብበት የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ግን ይህ አይገባውም። የቤት ቁጥርና ባለ አሥር አሃዝ ስልክ ካልሞላህለት ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ አልመዘግብም ይላል። ሰልፉ በር ድረስ ነው፤ ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ።

ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። የቤት ቁጥር ለሌለው የጤና ጣቢያውን፣ ስልክ ለሌለው የራሴን ማስገባት ጀመርኩ። እውነተኛውን አድራሻ መጀመሪያ ሰሞን በደብተር እይዝ ነበር። ሥራ ሲበዛ ደብተሩን ተውኩት፤ ዘዴውን ግን አልተውኩም። በየወሩ ስብሰባ አንድም ባዶ ቦታ የሌለው ሪፖርት የእኔ ነበር። ኃላፊያችን «ከእሱ ተማሩ» ሲሉ አንገቴን ደፍቼ በልቤ ጮቤ እረግጣለሁ። ዛሬ ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚያ ደስታዬ ነው።

ዘዴዬ አንድ ጣጣ ነበረው። የምርመራ ውጤት ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ተመዘገበው ስልክ «ውጤትዎ ደርሷል፤ ይምጡ» የሚል መልእክት ይልካል። ስልክ የሌላቸው ሰዎች መልእክት ሁሉ እኔ ኪስ ውስጥ ይጮኽ ጀመር። መልእክቱ ስም ስለሌለው የማን እንደሆነ ከመዝገቡ አጣርቼ ሰው እልክ ነበር። ከዚያ ሰለቸኝ። የመልእክቱን ድምፅ ዘጋሁት።

ኬሻ ሰፊዋ የመጡት በዚህ መሀል ነው። በዕድሜ እናቴን ያክላሉ፤ የተቀደደ ኬሻ እየሰፉ ለእህል ነጋዴ ይሸጣሉ። የልጃቸውን ልጅ አዝለው ነበር። ሳሉ ጸንቶባቸው አክታቸው ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሌላ ቦታ ተላከ። ስልክ የላቸውም። «ጎረቤቴ ባለሱቁ አለው፤ ቁጥሩን አስጽፌ ነገ አመጣለሁ» አሉኝ። እሺ ብዬ የራሴን አስገባሁ።

በማግስቱ ቁጥሩን ካርቶን ቁራጭ ላይ አስጽፈው መጡ። የወሩ ሪፖርት ግን ያን ዕለት ጠዋት ተልኮ ነበር፤ ሪፖርት ከተላከ በኋላ መዝገቡ ይቆለፋል። ለማስከፈት ለበላይ ደብዳቤ መጻፍና ማን እንደተሳሳተ ማስረዳት ያስፈልጋል። የተሳሳተው ደግሞ እኔ ነኝ። ካርቶኑን መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኩት።

«ውጤቱን በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ካልደወልንልዎ ደህና ነዎት ማለት ነው፣ እትዬ።»

ይህን ያልኩት ቶሎ እንዲሄዱልኝ ነው።

ከወር በላይ ቆይቶ ስልኬ ጠራ። «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ከጤና ጣቢያ ነው። የአክታ ውጤትዎን ሳይወስዱ ቀሩ እኮ» አለች አንዲት ሴት። ድምፅዋ ከስልኩም ከግድግዳው ማዶም ይሰማል። አዲሷ የነቀርሳ ክፍል ነርስ ናት፤ ውጤታቸውን ላልወሰዱ ሰዎች በተራ እየደወለች ነበር። ተነስቼ በሯ ላይ ቆምኩ። ስልኩ የሁለታችንም ጆሮ ላይ ነው።

«ያንተ ቁጥር ነው?»

«የእኔ ነው።»

ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው። «ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነዋ የዋልኩት» አለች። «ሴትዮዋ ነቀርሳ አለባቸው። ቤታቸው ሕፃን አለ?»

የታዘለው ልጅ ትዝ አለኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካርቶኑን ከመሳቢያ አወጣሁ። ለባለሱቁ መደወል ስላፈርኩ በእግሬ ሄድኩ። ሚዛኑ ጋ የቆመ ተሸካሚ «ኬሻ ሰፊዋ» ስለው በአገጩ አሳየኝ። ከጤና ጣቢያችን አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሰማያዊው ሸራ ሥር በወስፌ ይሰፋሉ። በጣም ከስተዋል። ሕፃኑ አጠገባቸው ኬሻ ላይ ተኝቷል፤ እሱንም ያስለዋል።

ከጤና ጣቢያ መምጣቴን ስናገር ጎረቤታቸው ባለሱቁ ከሱቁ ብቅ ብሎ ቀደማቸው። «ስልኬ በጮኸ ቁጥር ‹ለእኔ ነው?› እያሉ ሥራ አስፈቱኝ እኮ» አለ እየሳቀ።

«ስላልደወላችሁ ደህና ነኝ ብዬ ቀረሁ» አሉ እሳቸው።

ውጤቱን ነገርኳቸው። ወስፌው እጃቸው ላይ ቀረ። ሕፃኑን አዩት።

«እሱስ?»

«እሱም ይመረመራል» አልኩ። ቀጥሎ የሚጠይቁኝን ፈርቼ ጠበቅሁ። ለምን አልደወልክም ይሉኛል ብዬ ነበር።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ። «ቁጥሩ ተሳስቶ ደውለህ ደውለህ አጥተኸን ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ አላየሁትም።» ወደ ባለሱቁ ዞሩ። «እስቲ አጥርተህ ጻፍለት፣ ዳግም እንዳይለፋ።»

ባለሱቁ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራ ሌላ ካርቶን ላይ ጻፈ። የመጀመሪያው ካርቶን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቁጥሩ ያው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሁለተኛውንም ተቀበልኩ።